ትንፋሽ ጠባቂ

ጥቅምት 3

ውድ ባለቤቴ፣

ስምንት ቀን ሙሉ ሳልመልስልሽ በመቆየቴ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽ ነበር፤ ድንገተኛ ክፍላችንን ከእኔ እኩል ስለምታውቂው አያዋጣኝም። በስልክ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ስለምንጣላ በደብዳቤ ይሻለናል ያልሽው ልክ ነው። በደብዳቤ ለመጣላት ቢያንስ ሳምንት ይፈጃል።

ስለ ልጃችን ስለ ሚጢጢ ለጠየቅሽኝ፦ ትበላለች፣ ትስቃለች። ጸጉሯን የምትሠራት እናትሽ ናት። አንድ ቀን እኔ ሞክሬ ትምህርት ቤት «ማን መታሽ?» ተብላ መጣች።

የላክሽውን አራት ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ማረፊያ ክፍልሽ ሁለት መስመር፣ ስለ ምግቡ አንድ መስመር። «ረጅሙ» የምትዪው ሰው ግን አሥራ አንድ ጊዜ ተነሥቷል። ረጅሙ እንዲህ አለ፣ ረጅሙ እንዲህ አሳየን፣ ረጅሙ ሳቀ። ሥራ ፈትቼ አይደለም የቆጠርኩት፤ ዓይኔ ራሱ ነው የቆጠረው። ለመሆኑ ምንድነው ሰውዬው? ማለቴ ሥራው። አግብቷል?

እዚህ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ለሁለታችን የመጣችውን አንዲት የሥልጠና ቦታ እኔ እንደለቀቅኩልሽ ነው የምናገረው። ለሰሚ ደስ ይላል። አንቺም ከጠየቁሽ እንደዚያው በይ።

ያንቺው


ጥቅምት 14

ውዴ፣

በምሳ ሰዓት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ጉልበቴን ውቀስ።

መጀመሪያ ስለ ሥራው። የምንማረው ፕሮፖፎል የሚባለውን መድኃኒት ነው። ወተት ነው የሚመስለው፤ ነርሶቹም «ወተቱ» ይሉታል። በደም ሥር ሲገባ ደቂቃ ሳይሞላ ሰውዬው ይተኛል። ከአምስት፣ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ይነቃና «ገና አልጀመራችሁም እንዴ?» ይልሃል። የወለቀው ትከሻ ግን ቦታው ገብቷል። እኛ አራት ሰው ይዞት እየጮኸ የምንመልሰው ትከሻ! ለካስ ያ ሁሉ ጩኸት ግዴታ አልነበረም። ትናንት ይህን ሳስብ ያለፉት ሕመምተኞቻችን አንድ በአንድ ፊቴ መጡብኝ።

ክፋቱ፣ መድኃኒቱ እንቅልፍ ሲሰጥ ትንፋሽ ይሰርቃል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ አጥንቱን የሚጎትተው ሌላ፣ ትንፋሹን የሚጠብቀው ሌላ። ጠባቂው ጣሪያው ቢወርድ እንኳ ዓይኑን ከሕመምተኛው ደረት ላይ አያነሣም።

ረጅሙ የማደንዘዣ ሐኪም ነው፤ አስተማሪያችን። በር ሲገባ ስለሚጎነበስ ነው ስሙን ያወጣንለት። አግብቷል ወይ ላልከው፣ እኔ ጉዳዬም አልነበረም፤ አንተ ስለጠየቅከኝ ጠየቅኩት። ፈትቷል። «ማን ጠይቂ አለሽ?» ሲለኝ «ባሌ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

ቦታውን ለቀቅኩላት ማለትህን ለሰው በል፤ እኔ አላጋልጥህም። ለእኔ ግን እንደዚያ አትጻፍልኝ። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ሰሌዳው ፊት አብረን ነው የቆምነው።

ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ።


ጥቅምት 25

ለተከበርሽ ዶክተር፣

ከት ብሎ በመሳቁ ደስ ብሎኛል። በአሥር ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ማሳቅ ቀላል ተሰጥኦ አይደለም።

ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ፦ አልተቆጣሁም።

ወተቱ እኛም ጋ መጥቷል። አሥራ ሁለት ብልቃጥ። ሲስተር ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆልፋበት ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፤ ከእሷ አንገት ላይ ቁልፍ መውሰድ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ። እዚህም ማንበብ የሚችል ሐኪም እንዳለ ለአስተማሪሽ ንገሪልኝ።

ሚጢጢ ሥዕል ሠርታልሻለች፤ እናትሽም ሹራብ አዘጋጅታለች። የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።


ኅዳር 6

ሰላምታውን ዛሬ ዝለልልኝ።

ጠዋት ስገባ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጠራኝና ቦርሳ ሰጠኝ። ሹራቡና ሥዕሉ። «ማን አመጣው?» ስለው፣ «ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው መጣ፤ ባለቤቷ ነኝ አለ። ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ፣ ይህን ስጣት ብሎኝ ወጣ» አለኝ። «ምን ይመስላል?» አልኩት። «የታመመ ሰው ይመስላል» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት እኔ እኮ እዚያው ውስጥ ነበርኩ! በመካከላችን አንድ የመስታወት በር ነው ያለው። ይህን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ላይ ተንገላተህ መጥተህ፣ አንድ በር መግፋት እንዴት አቃተህ? የሞተ ሰው አለ? ሚጢጢ ታማለች? ወይስ የምታውቀው እኔ የማላውቀው ነገር አለ?

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ያደረግኩትን ሁሉ እያሰብኩ ነው። ምን እንዳጠፋሁ ግን አላገኘሁትም።


ኅዳር 15

የልጄ እናት፣

ማንም አልሞተም። ሚጢጢ ደህና ናት፤ ለእሷ ሥዕሉን ራሴ እንደሰጠሁሽ ነው የነገርኳት።

እንዳላስጨንቅሽ ብዬ አንድ ሌላ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት። ያየሁትን እነግርሻለሁ።

መጥቼ ላስደንቅሽ ነበር ያሰብኩት። በመስታወቱ አየሁሽ። የአንድ ወፍራም ሰውዬ ትከሻ ይዘሽ ነበር፤ አንሶላ በብብቱ ሥር አዙረው ወደ ኋላ የሚስቡልሽ ሁለት ልጆች አሉ። እሱ ራስጌ ቆሟል። እውነትም ረጅም ነው፤ ያንን እንኳ ያጋነንሽ መስሎኝ ነበር። አጥንቱ ሲገባ በእጅሽ እንደተሰማሽ ከፊትሽ አወቅኩ። ያን ጊዜ ቀና አልሽና አየሽው። እሱም አየሽ። ሁለታችሁም ሳቃችሁ።

ይኸው ነው።

እጅሽን ይዞ ባየው ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ በሩን በእግሬ ነበር የምከፍተው። ሕመምተኛ ራስ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ግን የእኔና የአንቺ መስሎኝ ነበር። በዚያ ሳቅ ነው ያገባሁሽ። ለሌላ ሰው ስትሰጪው ማየት ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅኩት። እግር ያስራል።

ወንበሩ ላይ አንድ ሰዓት የተቀመጥኩት ልገባ እያልኩ ነው።


ኅዳር 24

ደብዳቤህን አንብቤ ተናድጄ ወጣሁና ግቢውን ሦስቴ ዞርኩት። ከዚያ ተመልሼ ነው የምጽፍልህ።

አልክድህም። ስቄያለሁ። ሰውዬው ሲመጣ ሕመሙ እንባ አስለቅሶት ነበር፤ ሲድን ሳቅኩ። ራስጌ የቆመው ሰው ደስታዬን አየ፤ እኔም የሚያየው ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ይህንንም አልክድህም።

አንተ እንደዚያ ያየኸኝ መቼ ነው? እኔ ልንገርህ። ውጤቱ ከመለጠፉ በፊት ነው። ስሜን ሰሌዳው ላይ ያየህ ቀን «እንኳን ደስ አለሽ» አላልከኝም፤ «ሻንጣው ዚፑ ተበላሽቷል» ነው ያልከኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ስንቆም ዓይንህ ሌላ ቦታ ነው። ያ ሳቅ የእኛ ነበር ካልክ፣ ማን ቀድሞ እንደዘጋው አስብ።

አሁን እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ሐኪም የምለምንህ፦ ያንን መድኃኒት ብቻህን አትንካው። ሌላው ሐኪም ሳይኖር ብልቃጡን አትክፈት። ቃል ግባልኝ።


ታኅሣሥ 7

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ በጣም ደህና ነን። ሚጢጢ የፊት ጥርሷ ወለቀ፤ ስትናገር ፉጨት ጨምራበታለች። የኮሪደሩ አምፖል በመጨረሻ ተቀየረ። እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏታል፤ ሰላም ብላሻለች።

ስለ ወተቱ ላልሽኝ፣ አዎ፣ አንድ ቀን ተጠቅመንበታል። ምንም ችግር የለም።

ባለፈው ለጻፍኩት ሁሉ ይቅርታ። ፈተናሽ ላይ አተኩሪ። ስለ እኔ አታስቢ።


ታኅሣሥ 14

ባሌ ከሆንክ ጀምሮ «ስለ እኔ አታስቢ» ብለህ ጽፈህልኝ አታውቅም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ትናንት ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሠርግ ቀሚሴን የሰፋችልኝ፣ ገበያው መግቢያ ላይ ያለችው። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ልጄ፣ ባልሽ አስቸገረኝ። ትከሻዬ ወልቆ መልሶልኛል፤ እግዜር ይስጠው። ግን ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስቴ እየመጣ በሩ ላይ ቆሞ ደረቴን ያያል። እኔ እንኳ ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ሰፈሩ ግን ምን ይላል? ምን ፈለግክ ስለው ይቅርታ ይለኛል፤ ለምኑ ስለው ዘወር ብሎ ይሄዳል። እኔ ድኛለሁ። ያልዳነው እሱ ነው፤ አንድ በዪው።»

እየሳቅኩ ጀምሬ፣ ስጨርሰው ከመጀመሪያው መልሼ አነበብኩት። ደረቷን ለምን እንደምታይ እኔ ይገባኛል።

ምን አደረግክ? ካርድ ላይ እንደሚጻፍ ጻፍልኝ። ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ማን እንደነበረ።


ታኅሣሥ 21

እሺ።

ኅዳር 29፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ። ደብዳቤሽ በዚያው ጠዋት ደርሶኝ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ብቻህን አትንካው የሚለውን መስመር አንብቤዋለሁ። አላየሁትም ብዬ አላመልጥም።

ልብስ ሰፊዋ መደርደሪያ ላይ ጨርቅ ልታወርድ ከወንበር ወድቃ ነው የመጣችው፤ ቀኝ ትከሻ። ሕመሟ ስለባሰ መጀመሪያ ማስታገሻ፣ ፔቲዲን ወጋኋት። ተረኛው ሐኪም ተመላላሽ ክፍል ነበር፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሲስተር ቁልፉን ከአንገቷ እያወጣች «ዶክተርን ልጥራው?» አለችኝ።

«ለአንድ ትከሻ?» አልኳት።

«ሁለት ሰው ይፈልጋል ብለዋል እኮ።»

«ማን ነው ያለው?» አልኳት። ማን እንዳለ አውቃለሁ። ከዚያ ክንድ ማንጠልጠያ ጨርቅ አምጪ ብዬ አስወጣኋት። ለልብስ ሰፊዋ ወተቱን ሰጠኋት። ለስድሳ ዓመት ሴት፣ ያውም ፔቲዲን ለወሰደች፣ የሚሰጠው መጠን ከወጣት ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ እኔ የወጣቱን ሰጠሁ። ስጎትት ፊቷን ቋጠረች፤ ደቂቃ ሳልታገሥ ጨመርኩላት። ጣቷ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ዘጠና ስምንት ይላል። ኦክስጅን ስላደረግኩላት ቁጥሩ ዘግይቶ እንደሚወርድ ተማሪ እንኳ ያውቃል። እኔ ቁጥሩን አምኜ አጥንቱን ያዝኩ።

ገባ። ቆንጆ አድርጎ ገባ። ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ያየልኝ ሰው ፈለግኩ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺን ነው የፈለግኩት። አይተሽ ብታደንቂኝ፣ ያ ሰውዬም አጠገብሽ ቆሞ ቢያይ አልኩ። ግድግዳውን እያየሁ ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ አላውቅም። ሲስተር ጨርቁን ይዛ ገባችና «ዶክተር! ከንፈሯ!» አለች።

አትተነፍስም ነበር። ሲስተር ጭንብሉን ፊቷ ላይ ያዘች፣ እኔ የአምቡ ባጉን የአየር ከረጢት እየጨመቅኩ አየር ሰጠኋት። አራት ደቂቃ። አራት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ከዚያ በራሷ ትንፋሽ ሳበች፤ ቆይታም ዓይኗን ገልጣ «የማን ቀሚስ ነው የቀረን?» አለች።

ካርዱ ላይ «ያለ ችግር ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር አየችኝ፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ መልሳ ወጣች። ለአንቺም ያንኑ ጻፍኩልሽ። የአሁኑ ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ግን ካርዱን አስወጥቼ የጻፍኩትን ሰረዝኩ፤ እውነቱን ከሥሩ ጽፌ ፈረምኩ። ለልብስ ሰፊዋ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። «ያደረግከውን ሳይሆን ያፈጠጥክብኝን ነው ይቅር የማልልህ» አለችኝ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። አሠልጣኝ መጥቶ እስኪያየኝ መድኃኒቱን እንዳልነካ አዘዘኝ። እዚያው ቆሜ ሥልጠናውንም እንዳልለቀቅኩልሽ፣ ተወዳድሬ እንደተሸነፍኩ ነገርኩት። «ውጤቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ እኮ» አለኝ። ለካስ ሁሉም ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።


ጥር 2

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ሐኪም። እንደ ሐኪም ተቆጥቼሃለሁ፤ ይህ ቁጣ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ያቺ ሴት ብትሞት ኖሮ የሚገድላት በእኔ ደብዳቤ መናደድህ ነበር። ይህንን ይዤ መኖር ነበረብኝ፤ አስበኸዋል?

ሁለተኛ ደግሞ እንደ ሚስትህ አነበብኩት። ግድግዳውን እያየህ የቆምክባትን መስመር አልፌ መሄድ አቃተኝ።

ካርዱን ማስተካከልህ ጥሩ ነው።

አሁን የሚከብደውን ልንገርህ። ዳይሬክተራችን አሠልጣኝ ይላክልን ብሎ ጽፏል። የሚመጣው እሱ ነው፤ ረጅሙ። እኔ አልመረጥኩትም፤ ሌላ ሰው የለም። ለሁለት ሳምንት ይቆያል። የነገርከኝን አልነገርኩትም፤ አንተ ንገረው።

ሌላም ያልነገርኩህ ነገር አለ። በወረቀት የሚሆን ስላልመሰለኝ ስመጣ ልነግርህ ነበር። በምትወደው ይሁንብህ፣ እሱን አትጠይቀው።


ጥር 24

ውዴ፣

አልጠየቅኩትም። ራሱ ነገረኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሰኞ ጠዋት ጎንበስ ብሎ ገባ። የልብስ ሰፊዋን ነገር ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፤ እየሰማ ጥፍሩን ያያል። ሲያበቃ «እኔም አንዱን እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ የእኔው አልነቃም» አለኝ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ለጠበቅኩት ለእኔ ይህ ጥሩ አጀማመር አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት ዳሌው የወለቀ የጭነት መኪና ሹፌር መጣ። ጓንት ላጠልቅ ስል «አንተ ራስጌ ቁም፤ የምጎትተው እኔ ነኝ» አለኝ።

«ለምን? ዳሌ መመለስ እችላለሁ።»

«መጎተት እንደምትችል አውቃለሁ። መቆም ነው የማትችለው።»

ሲስተር ፊቷን አዞረች፤ የሳቀች ይመስለኛል። ቆምኩ። ግማሹን ሰጠሁ፣ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ጥቂት ጨመርኩ። ከዚያ የሹፌሩን ደረት ማየት ጀመርኩ። ከጎኔ አልጋው ይንቋቋል፣ ረጅሙ አልጋው ላይ ወጥቶ ያቃስታል፣ አንድ ሰው ይጮኻል። እኔ ደረት ነው የማየው። አንዴ ትንፋሹ ሲያጥርበት አገጩን ቀና አደረግኩለት፤ ተመለሰ። «ገባ!» ሲል ሰማሁ። ቀና አላልኩም። ነቅቶ «መኪናዬን ማን ዘጋው?» እስኪለኝ ድረስ ቀና አላልኩም። ሰባት ደቂቃ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የደከመኝ የለም፤ አንድ አጥንት እንኳ አልጎተትኩም እኮ።

ከዚያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሻይ ይዘናል።

«ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው» አለኝ። «ኅዳር ላይ ባለቤትህን ጠይቄአታለሁ።»

«ምን ብለህ?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«እንድትቀር። ለሥራውም፣ ለእኔም።»

ልመታው አስቤያለሁ። ብነሣ ደረቱ ላይ ነው የምደርሰው፤ ተቀመጥኩ። ሻዩ ግን እጄ ላይ ፈሰሰ።

«ምን አለችህ?»

«እንቢ አለችኝ። ሌላውን ከእሷ።»

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ሄደ። ወረቀቴን ፈርሞልኛል፤ ሁለተኛ ሰው እስካለ ድረስ መሥራት እችላለሁ። በዚህ ሁሉ መካከል በጣም ያስቀናኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ፊቴ ቁጭ ብሎ እውነቱን መናገሩ። እኔ ለአንቺ እንደዚያ የተናገርኩበትን ቀን ፈልጌ አጣሁ።

ለምን ደበቅሽኝ አልልሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነው፦ ለምን እንቢ አልሽው?


የካቲት 10

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጠየቅከኝ ዓመት አልፎታል። እስካሁን ስትመረምረኝ ነው የቆየኸው።

ቸኩዬ አይደለም እንቢ ያልኩት። አንድ ቅዳሜ ሙሉ አስቤበታለሁ። ይህን ስትሰማ እንደሚያምህ አውቃለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አስተኝቼህ አይደለም የማወራህ። ደግ ሰው ነው። ሲያዳምጥ ያዳምጣል። እዚህ ብቀር ሥራው ይበልጣል፣ ክፍሉ ይበልጣል፣ ለሚጢጢም ትምህርት ቤቱ ይሻላል። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በልቤ ደረደርኩት።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጣሁ። አንድ ሴትዮ ዶሮ ከእጇ አምልጧት አውቶቡስ ውስጥ ገባባት፤ ሹፌሩ ዘሎ ወረደ፣ ዶሮዋ መሪው ላይ ቆመች። ሆዴን ይዤ ሳቅኩና «ይህን ስነግረው!» አልኩ። ስነግረው ያልኩት አንተን ነው። ተኳርፈን፣ ሳታነጋግረኝ ሄደህ፣ ያን የመሰለ ደብዳቤ ጽፈህልኝ፣ አሁንም የምነግረው አንተን ነው። ሰኞ ጠዋት እንቢ አልኩት። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚያምር ምክንያት የለኝም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። ዳይሬክተሩ ጽፎልኛል፤ ስመለስ የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ እንድሆን ይፈልጋል። መልሴን እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቃል። አንተ በእኔ ሥር ትሆናለህ ማለት ነው። ተራ የምመድብህ እኔ፣ ካርድህን የማየው እኔ። ስታጠፋ በሰው ፊት የምናገርህ ቀን ይመጣል፤ የዚያኑ ቀን ከአንድ መሶብ እንበላለን። ካልቻልከው አትሸነግለኝ፤ ከመፈረሜ በፊት ንገረኝ። ሌላ ክፍል እጠይቃለሁ፤ አላኮርፍህም። «ለቀቅኩላት» የምትል ከሆነ ግን አልፈርምም።


የካቲት 17

ውዴ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት መልስ ጽፌ ቀድጃለሁ። የመጀመሪያው «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ነበር፤ ያምር ነበር፤ ውሸት ነበር። ሁለተኛው እውነት ነበር፤ ልልከው አፈርኩ።

ይህ ሦስተኛው ነው። ቀንቻለሁ። በቅዳሜዋ ጠዋት እቀናለሁ፤ የከሰዓት በኋላዋ ዶሮ እንኳ ሙሉ በሙሉ አላዳነችኝም። በሹመትሽም እቀናለሁ። ሲስተር ትናንት ወሬውን ሰምታ «ደስ አይልም?» ስትለኝ «ይላል» ለማለት ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠርጌያለሁ። ይህ ነገር በአንድ ደብዳቤ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ጠዋት አብሮኝ ይነሣል፣ አብሮኝ ሥራ ይገባል። አንዳንድ ቀን በሰው ፊት ስታርሚኝ ፊቴ ላይ ታይዋለሽ። ያን ጊዜ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አልሄድም፤ መጥቼ ቀናሁ እልሻለሁ።

ፈርሚ።